አንድ የመሰሉ ሁለት ከረጢቶች

ሽቱትጋርት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ያሕያ፣
ደብረ ማርቆስ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንዴት ከርመዋል? ሱቁ፣ ሰፈሩ፣ ጀመዓው እንዴት ነው? ልጅዎ ቀድሪያስ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነኝ። እናቴ ስትሞት እንደ እናት ሆነው ያሳደጉኝ ባለቤትዎ እትዬ ኡሙልኸይር ካረፉ እነሆ ስምንት ወር ሆነ። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። ያለ እሳቸው የክር ሱቁን ብቻዎን እንዴት እንደያዙት ሳስብ እውላለሁ።

የምነግርዎ ደስ የሚል ነገር አለኝ። የሥዕልና የኅትመት ትምህርት ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአንድ ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። ባለፈው ወር ለአገራችን ገበሬዎች የሚላክ የነቀዝ መድኃኒት ከረጢት እንድናትም ታዘዘ። በቤቱ አማርኛ የማውቅ እኔ ብቻ ስለሆንሁ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለሚበላ እህል ነው፤ ጎተራ ውስጥ ይነሰነሳል፣ እህሉም ታጥቦ ይበላል። ሁለተኛው ለዘር ብቻ ነው። እሱ መርዝ ነው፤ የነካው እህል ከመዘራት በቀር ለምንም አይሆንም። የሁለቱም ዱቄት ግራጫ ስለሆነ በዓይን አይለይም።

አብዛኛው ገበሬ ፊደል ስላልቆጠረ በቀለም ለየኋቸው። የምግቡን አረንጓዴ፣ የዘሩን ቀይ አደረግሁ። አረንጓዴው እንደ ጥድ ቅጠል ጠቆር ያለ ነው፤ ቀዩ የበሰለ በርበሬ ይመስላል። በላያቸው ምንነታቸው በጥቁር ፊደል ተጽፏል። ከቀለሙና ከጽሑፉ በቀር ሁሉ ነገራቸው አንድ ነው፤ ዓይን የሚያደናግር ትርፍ ነገር የለባቸውም። መምህሬ ክፍል ፊት አንሥቶ አሳየው፤ «ንጹሕ ሥራ ማለት ይህ ነው» አለ።

ጎጃም ሲደርስ የሚታደለው መጋዘን ባላቸው ነጋዴዎች እጅ ነው ብለውኛል። ምናልባት በእርስዎ ቤት ያልፍ ይሆናል። ከደረሰ ያዩትን ይጻፉልኝ፤ በተለይ ስለ ቀለሙ። በክር መካከል ያደግሁ ነኝና የእርስዎን ፍርድ ከመምህሬ ፍርድ አስበልጣለሁ።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

የእህትዎ ልጅ በሽር


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 24 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበሽር፣

የሰላም ባለቤት አላህ ሰላምህን ያብዛልህ። በባዕድ አገር ከብርድም ከክፉ ሰውም ይጠብቅህ። እኛ ደኅና ነን። ቀድሪያ ሰላም ትልሃለች። አዝመራው ጥሩ ነው፤ ጤፉ ተሰብስቧል። ከአምናው የግብር ብጥብጥ ወዲህ ገበሬው ከመንግሥት የመጣ ነገር ሁሉ ይጠረጥራል፤ ነቀዙ ግን ስለ በዛበት መድኃኒቱን እየወሰደ ነው።

ከረጢቶቹ ኅዳር 9 ቀን ደረሱ። መጋዘን አለው ተብሎ እኔም አዳይ ሆኛለሁ። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ አይቀደድም። ስፌቱም ጥሩ ነው። የዘሩን በቀኝ፣ የምግቡን በግራ በኩል አስደርድሬአለሁ። ለታረቀኝ «ይህን የሠራው በሽር ነው» ስለው ከረጢቱን አገላብጦ አገላብጦ አየና «ልጅ ሳለም እጁ ሥራ ያውቅ ነበር» አለ። አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ ሲሸከምና ሲመዝን ሰውን እንዲህ ሲያመሰግን ብዙ ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ዓይኔ ደከም ብሏል። እዚያ አገር ጥሩ መነጽር አለ ይባላል። ሩቅ ከማሳየት ሌላ ነገሩን ለይቶ፣ አጥርቶ የሚያሳይ ዓይነት ካለ ጠይቅልኝ። አንተ ከትምህርትህ ገንዘብ አታውጣ፤ ዋጋውን እልካለሁ።

አላህ ሥራህን ያቅናልህ።

አጎትህ ያሕያ


ሽቱትጋርት፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ያሕያ፣

ሰላምና የአላህ እዝነት ከእርስዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎ በበረዶ ቀን ደርሶ አሞቀኝ። መነጽሩን ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ አንድ የአገር ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ይደርስዎታል። ባለሱቁ የዓይንዎን ቁጥር ሲጠይቀኝ ስለማላውቀው መካከለኛውን ነው የገዛሁት። ዋጋውን እንዳይልኩ እለምናለሁ።

ስለ ወረቀቱና ስለ ስፌቱ ጻፉልኝ፤ እነዚያ ግን የእኔ ሥራ አይደሉም። ስለ ቀለሙ አንድም ቃል የለም። ካልወደዱት በግልጽ ይንገሩኝ፤ አይከፋኝም። ማተሚያ ቤቱ ለሚመጣው ዓመት አርባ ሺህ ሊጨምር ነው፤ የሚታረም ካለ አሁን ነው።

አክባሪዎ በሽር


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 17 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለበሽር፣

አላህ ጤናህን ይስጥህ። ደብዳቤህም መነጽሩም ደርሰውኛል። አላህ ይስጥልኝ። ሩቁን ያቀርባል፤ ሌላው እንደ ነበረ ነው።

የዘገየሁት ነገር ስለ ገጠመን ነው። አምበር አጠገብ ባዘዘው የሚባል ገበሬ ቤት ሰዎች ታመዋል። ከእኛ የወሰደውን መድኃኒት ለሚበላው እህል ነስንሶት ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ከረጢቱን አስመጥቶ ሲያይ የዘሩ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ምክንያት ፖሊስ ታረቀኝን ይዞታል። ዛሬ ሰባት ቀኑ ነው።

የምጠይቅህ ይህ ነው። ማተሚያ ቤትህ ከረጢቱን ያለ ቀለም፣ በጥቁርና በነጭ ብቻ ማተም ይችል እንደሆነ ጻፍልኝ። ፊደሉም ትልቅ ይሁን።

ቀድሪያ ደኅና ናት።

ያሕያ


ሽቱትጋርት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ያሕያ፣

አላህ ያጽናዎ። በደረሰው ነገር በጣም አዝኛለሁ። ለታመሙትም ዱዓ አደርጋለሁ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር ግን ላስረዳዎ። ከረጢቱን ደጋግሜ አየሁት፤ ጥፋት አላገኘሁበትም። ቀይና አረንጓዴ ሕፃን ልጅም ይለየዋል። ጥፋቱ የከረጢቱ ሳይሆን ያነሣው ሰው ነው። ታረቀኝን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ቸልተኛ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ የክር ጥቅል ከጣቃ ጋር ደባልቆ ሲጭን አይቻለሁ። ሁሉንም ነጭና ጥቁር ብናደርገው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው በምን ይለየዋል? ይህን ለጌቶቼ ባቀርብ ይስቁብኛል።

ከይቅርታ ጋር ነው የምጽፈው። ሙያዬ ስለሆነ ነው።

በሽር


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበሽር፣

አላህ በቀጥተኛው መንገድ ያቁምህ፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ። ይህን ደብዳቤ ረጋ ብለህ አንብበው። ያለፈው ደብዳቤህ የደረሰኝ እስር ቤት ሆኜ ነው። ቀድሪያ ነች ያመጣችልኝ። ታረቀኝ ቸልተኛ ነው ያልኸውን እዚያው አነበብሁት።

ባለፈው ሳልጽፍልህ የቀረሁት አለ። የባዘዘው እናት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የካቲት 26 ቀን ሞተዋል። ሚስቱ የብርጓል ተርፋለች፤ እጇ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ስትራመድም ግድግዳ ትይዛለች። ባዘዘው ራሱ ለንግድ እየወጣ ውጭ ስለሚበላ ብዙም አልነካውም። ልጆች የሏቸውም።

ከረጢቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ታረቀኝ ያነሣው እኔ ያሳየሁትን ነው።

በሽር፣ ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ሰማያዊ አያለሁ፤ ቢጫ አያለሁ። እነዚያ ሁለቱ ግን ለእኔ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የደረቀ ሣር መስለው ነው የሚታዩኝ፤ ጠቆር ሲሉ ደግሞ ጭራሽ ጥቁር ይመስሉኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ለምን ክር ነጋዴ ሆንህ ብትለኝ ሱቁ የአባቴ ነው። ኡሙልኸይር በተጋባን በወሩ ዐወቀችብኝ፤ ለማንም አልተናገረችም። ክሩን በየመደቡ የምትደረድረው እሷ ነበረች፤ ቀዩ በላይኛው፣ አረንጓዴው በሦስተኛው። እኔ ቦታውን እንጂ ቀለሙን አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነገድን። አንተም እዚያው አድገህ አላወቅህም።

ያንተ ከረጢት ሲመጣ እሷ የለችም። ታረቀኝን «የዘሩን በቀኝ አድርግ» አልሁትና ቦታውን ያዝሁ። በታኅሣሥ ያለ ጊዜው ዘንቦ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ታረቀኝ እንዳይበላሽ ብሎ እኔ ሳላውቅ ክምሩን ግራና ቀኙን ገለባብጦ ደረደረው። ለእሱ ምን ችግር አለው፤ ዓይኑ ያያል። ባዘዘው በማግስቱ መጣ። «ለሚበላ ነው» አለኝ። ወደ ግራ አሳየሁ፤ ታረቀኝ ገበሬው ያለውን ሳይሰማ ያሳየሁትን አነሣለት። ከእሱ በኋላ ለሚበላ የመጣ የለም። ፊደሉን ለምን አላነበብህም ትለኝ ይሆናል። ጥቁሩ ፊደል በቀይህም በአረንጓዴህም ላይ ለእኔ አይታይም። ጨለማ ላይ የተጻፈ ጨለማ ነው።

ፖሊሱ ሲመጣ ሁለት ከረጢት ጠረጴዛ ላይ አኖረና «የትኛውን ሰጠህ?» አለኝ።

«አረንጓዴውን።»

«እስቲ አሳየኝ።»

እጄን በአንዱ ላይ አኖርሁ። ፖሊሱ ታረቀኝን አየ። ታረቀኝ እኔን አየ።

«ይህማ ቀዩ ነው» አለ ፖሊሱ።

«ደንግጬ ነው» አልሁ።

አመነኝ። ታረቀኝን ወሰደው። ታረቀኝ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር እንደ ገባው ከፊቱ ዐወቅሁ፤ አንድም ቃል አልወጣውም። እኔም ዝም አልሁ። ክር ሻጩ ቀለም አያይም ከተባለ ማን ይገዛኛል ብዬ አሰብሁ። ሰው ሞቶ ሳለ ያሰብሁት ይህን ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ዝም አልሁ። የክርስቲያኖች የጾም ወራት ስለ ነበረ ሽሮ አሠርቼ በየቀኑ እወስድለት ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሳህኑን ወደ እኔ መለሰው።

«ጋሼ ያሕያ፣» አለኝ፣ «ያሳዩኝን ነው ያነሣሁት ብዬ ተናግሬአለሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም። የእርስዎን እርስዎ ይናገሩ።»

በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀርቤ ተናገርሁ። ዳኛው አላመኑኝም፤ አሽከሬን ላወጣ የፈጠርሁት ተረት መሰላቸው። ከሱቄ አሥር ጥቅል ክር አስመጡና «ቀዩን ከአረንጓዴው ለይ» አሉኝ። ሰው ሁሉ እያየ ለየሁ። ስጨርስ ችሎቱ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ቆመ። ታረቀኝ ያን ቀን ተፈታ፤ እኔ ገባሁ። ግንቦት 12 ቀን በዋስ ወጥቻለሁ፤ ፍርዱ ገና ነው።

መነጽር የጠየቅሁህ ለዚህ ነበር። አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። ይህ ነገር በሽታ ይሁን እርግማን ከሐኪም ጠይቀህ በወረቀት ላክልኝ። ዳኛው ይፈልጉታል። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

አጎትህ ያሕያ


ሽቱትጋርት፣ ሰኔ 25 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ያሕያ፣

አላህ ልብዎን ያሳርፍ። ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነፍስ፣ ለየብርጓልም ጤና ዱዓ አድርጌአለሁ። ከዚህ ሌላ ምን እንደምል ስላላወቅሁ ያደረግሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ደብዳቤዎን ካነበብሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሄድሁ። አንድ መጽሐፍ ከፈቱልኝ፤ በየገጹ ባለቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነው። በነጠብጣቡ መካከል እኔ ቁጥር አየሁ። «አጎትህ ይህን ቁጥር አያዩትም» አሉኝ። እርግማን አይደለም። ሲወለዱ አብሮ የሚመጣ የዓይን ጠባይ ነው፤ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። አይብስም፤ መድኃኒትም መነጽርም የለውም። በዚህ አገር ከአሥራ ሁለት ወንዶች አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። ሐኪሙ የጻፉትን ወረቀት ከነማኅተሙ እዚህ ውስጥ አኑሬአለሁ።

ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመልሼ ሁለቱን ከረጢቶች ጎን ለጎን አቁሜ በጥቁርና ነጭ ፊልም ፎቶግራፍ አነሣኋቸው። አጥቤ ሳወጣው ሁለቱ አንድ ሆነው ወጡ። የቱ የቱ እንደሆነ እኔ ራሴ፣ የሠራሁት ሰው፣ መለየት አቃተኝ። ፊደሉም በሁለቱም ላይ ጠፍቷል። ፎቶግራፉን አልጋዬ ፊት ሰቅዬዋለሁ።

ስለ ታረቀኝ የጻፍሁትን ይቅር ይበሉኝ። ለእሱም ይንገሩልኝ።

አዲስ ንድፍ ጀምሬአለሁ። ቀለሙን አላስቀርም፤ ለሚያየው ይጠቅማልና። ቀለሙ ቢጠፋ ግን ልዩነቱ እንዳይጠፋ ነው የምፈልገው። ስለዚህ አንዱን ብሩህ፣ አንዱን ጨለማ አድርጌአለሁ፤ ፊደሉ ሁልጊዜ በነጭ ላይ ይሆናል። የዘሩ ከረጢት ላይ ወፋፍራም ሰያፍ መስመሮችና ምልክት አሉበት። ምልክቱ የቱ ቢሆን እንደሚሻል አላወቅሁም። አራት ንድፍ ልኬአለሁ፤ የራስ ቅልና አጥንት፣ መስመር የተሰረዘበት አፍ፣ የሚዘራ ሰው፣ ለምግቡ ደግሞ መሶብ። ምን እንደሆኑ ሳይነግሩ ለሰው ያሳዩልኝ። የሚሉትን እንዳለ ይጻፉልኝ።

በሽር


ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለበሽር፣

አላህ ዕውቀትህን ለሰው የሚጠቅም ያድርግልህ። የሐኪሙ ወረቀት ደርሶ ዳኛው አስተርጉመው አነበቡት። ፍርዱ ሐምሌ 30 ቀን ተሰጠ። የታሰርሁት ጊዜ ታስቦልኛል፤ መድኃኒት ከማደል ግን ለዘለቄታው ታግጃለሁ። ተገቢ ነው። ሽማግሌዎች ከባዘዘው ጋር አስታርቀውናል። ካሳ ተቀበለ፤ እጄን ጨበጠ፤ ዓይኔን አላየም።

ታረቀኝ ወደ እኔ ሥራ አልተመለሰም። ሄጄ ጠየቅሁት። «ቂም አልያዝሁም፤ ግን ከእርስዎ ጋር አልውልም» አለኝ። ያንተን ይቅርታ ነገርሁት። «እሱ አላወቀም» አለ። የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ንድፎችህን ይዤ ሁለት ረቡዕ ሮብ ገበያ ከሚባለው ስፍራ፣ አንድ ቀን አምበር ውዬአለሁ። ዝናብ ነበር፤ ሰው ግን አልጠፋም። ያሉት ይህ ነው።

የራስ ቅሉን አትሞክረው። ክርስቲያኖቹ ሁሉ «ጎልጎታ ነው፤ ከመስቀሉ ሥር ያለው የአዳም ራስ ነው» አሉኝ። አንዲት ሴት ተሳለመችው። አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን እቤቱ ሊሰቅለው ለመነኝ። መርዝ ነው ብትል የሚያምንህ የለም። መሶቡን ግማሹ ጎጆ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ነው አለ፤ ክዳኑን አሳንሰህ እንጀራው ይታይ። የሚዘራውን ሰው ያላወቀው የለም። የተሰረዘውን አፍ «ዝም በል» ነው ያሉት ብዙዎች ናቸው፤ እጅ እህል ወደ አፍ ሲያቀርብ አድርገህ እጁ ላይ ሰርዝበት። መስመሮቹ ጥሩ ናቸው፤ እኔም ከሩቅ አየኋቸው።

አንዲት የአምበር ባልቴት ደግሞ አንተ ያላሰብኸውን ነገረችኝ። «እኔ እህል የምቀዳው ከጨለማ ጎተራ ነው፤ ሥዕልህን በምን አየዋለሁ?» አለች። ስለዚህ የዘሩን ከረጢት አንድ ማዕዘኑን ቁረጠው። እጅ ያገኘዋል።

ሌላም ነገር ሆኗል። ሁለተኛው ረቡዕ ላይ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ የሚባሉ፣ መርጡለ ማርያም የሚቀመጡ ቁም ጸሐፊ ቆመው ያዩኝ ነበር። ሰው ሲቀልል ቀረቡና «በፍርድ ቤት ክር የለየኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። ነኝ አልሁ። ቁጭ አሉ።

«የእመቤታችንን ስም በቀይ ቀለም እጽፋለሁ፤» አሉኝ፣ «ቀይ መሆኑን የማውቀው የቀለሙ ቀንድ ላይ ባሰርሁት ክር ነው። አንድ ዓመት ተማሪ ሳያውቅ ክሩን ፈታው። ሦስት ገጽ ስሟን በጥቁር፣ የቀረውን በቀይ ጽፌ ተገኘሁ። ሰክሮ ነው ተባለ። ሰክሬ ነው አልሁ። ስካር ይሻላል መሰለኝ።»

ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል። ለሌላ ሰው ተናግረው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ያንተን ንድፍ አገላብጠው አዩና «ይህ ይታየኛል» ብለው ሄዱ።

አሁን የምጠይቅህን በግልጽ መልስልኝ። እነዚያ አርባ ሺህ ከረጢቶች እየታተሙ ነው? ሰው መሞቱን ለጌቶችህ ነግረሃቸዋል? ባለፈው ደብዳቤህ ስለ ሐኪሙም ስለ ፎቶግራፉም ጽፈሃል፤ ይህ ግን የለበትም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ዝም ብያለሁ። የአንተን እየቆጠርሁ ነው።

ያሕያ


ሽቱትጋርት፣ መስከረም 27 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ያሕያ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ እስከ ደረሰበት ቀን ድረስ አልነገርኋቸውም ነበር። አዲሱን ንድፍ ያሳየኋቸው «የተሻለ አሳብ መጣልኝ» ብዬ ነው። «የቀድሞው ጥሩ ነው፣ የማተሚያ ሰሌዳው ተቀርጿል» ብለው መለሱልኝ። ዝም አልሁ። ዲፕሎማዬ ሰባት ወር ቀርቶት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ለባለቤቱ ሁሉንም ነገርሁት። ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። የሴትዮዋን ስም ነገርሁት፤ መጥራት አቃተው፤ ደግሜ ነገርሁት። ከአርባው ሺህ አሥራ አንዱ ሺህ ታትሞ ነበር። ከብዙ ንግግር በኋላ ያን አቃጠሉት። አዲሱ በእርስዎ እርማት ይታተማል፤ ማዕዘኑም ይቆረጣል።

እኔን ከንድፍ ክፍል አውጥተው የማተሚያ መኪናውን ጥቅልሎች ከቀለም የሚያጸዱት ጋር መድበውኛል። መምህሬ ያመሰገነውን ሥራ ከክፍሉ ግድግዳ አወረደው። ዲፕሎማው በዚህ ዓመት አይሰጥም፤ የሚመጣውን ዓመት እንደ ገና ለፈተና እቀመጣለሁ። ያንን በሌሎች አላሳብብም።

በሽር


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበሽር፣

አላህ የጎደለህን ይሙላልህ፣ የደከምህበትንም ይቀበልህ። አዲሶቹ ከረጢቶች በታኅሣሥ ደርሰው ነበር። የሚያድለው ሌላ ነጋዴ ነው። እኔ ክሬን እሸጣለሁ። ቀድሪያ በየመደቡ የቀለሙን ስም ጽፋልኛለች፤ ደንበኛም ዐውቆታል፤ የቀነሰ አለ፣ ያልቀነሰም አለ። «እርስዎ አይዩ፤ እኔ አየዋለሁ» ብሎ ራሱ የሚመርጥ በዝቷል።

የካቲት 26 ቀን የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሙት ዓመት ነበር። ባዘዘው ሰው ልኮ ጠራኝ። እንደሚጠራኝ አላሰብሁም። አምበር ደርሼ ደጅ ላይ ቆምሁ፤ እጄን ይዞ አስገባኝ። ጾማቸው ቢሆንም ለእስላም እንግዳ ብለው በግ ለብቻ አዘጋጅተው ነበር፤ የሚያርድ ሰውም ከገበያ ጠርተዋል። በላሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም።

ሰው ሲበተን ባለቤቱ የብርጓል ወደ ጎተራው ጠራችኝ። አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። እጇ እንደ ድሮው ነው፤ ድሬሰሩ ከዚህ በላይ አይድንም ብሏታል። ሁለት ከረጢት ግድግዳ ሥር ቆሟል፤ ያንተ አዲሶቹ። ምርኩዟን አስደግፋ ጎንበስ አለችና የአንዱን ማዕዘን በጣቷ ፈለገች። ጣቷ እየተንቀጠቀጠ ቁራጩን አገኘው።

«ይህ የዘሩ ነው» አለችኝ።

«አዎ» አልሁ።

«የሠራው ልጅዎ ነው አሉ።»

«የእህቴ ልጅ ነው። በሽር ይባላል። በጀርመን አገር ይማራል።»

«የፊተኛውንስ ማን ሠራው?»

ውሸት በአፌ ላይ መጣ፤ ይህን አልደብቅህም። «የማላውቀው ፈረንጅ ነው» ልላት ነበር።

«እሱንም የሠራው እሱ ነው» አልኋት።

ጎተራው ውስጥ ጨለማ ስለ ነበረ ፊቷን አላየሁም። ከረጢቱን ለቀቀችና ምርኩዟን አነሣች።

«ትምህርቱን ሲጨርስ ይመጣል?»

«ኢንሻአላህ ይመጣል።»

«እንግዲያ እዚህ ድረስ ይምጣ» አለችኝ። «ሰው መሞቱን በደብዳቤ ሰምቷል። እኔን ግን አላየኝም። ይምጣና ይየኝ።»

እሺ፣ ይመጣል አልኋት። ሳልጠይቅህ ቃል ሰጥቻለሁ።

አጎትህ ያሕያ